ኤጅ ኮምፒዩቲንግ፦ መስመሩ ሲቋረጥ ማን ይወስናል?

«ሲስተም የለም።»

ባንክ ሄዳችሁ፣ ወረፋ ይዛችሁ፣ ተራችሁ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስትጠጉ ይህን ሰምታችሁ የማታውቁ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ሠራተኛዋ ቦታዋ ላይ አለች። ኮምፒዩተሩ በርቷል። ብሩም ካዝና ውስጥ ነው። የጠፋው ቅርንጫፉን ከማዕከሉ የሚያገናኘው መስመር ብቻ ነው፤ ቅርንጫፉ ግን ማዕከሉን ሳይጠይቅ አንዲት ነገር መወሰን ስለማይችል ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ኤጅ ኮምፒዩቲንግ የሚያነሳው ጥያቄ ይኸው ነው። ዳታው የሚፈጠረው እዚህ ከሆነ፣ ውሳኔውም የሚፈለገው እዚህ ከሆነ፣ ስሌቱ ለምን አገር አቋርጦ ሄዶ ይመለሳል?

እስካሁን የለመድነው አሠራር ክላውድ ነው። ስልካችሁ ላይ የተናገራችሁት ድምፅ ወይም ያነሳችሁት ፎቶ ሩቅ ወዳለ ዳታ ሴንተር ይሄዳል፣ እዚያ ይሰላል፣ መልሱ ይመጣል። ኤጅ ስሌቱን ወደ ተጠቃሚው ያስጠጋዋል፤ ስልኩ ራሱ ላይ፣ ካሜራው ውስጥ፣ የሕንፃው ምድር ቤት ባለች ትንሽ ሰርቨር ላይ፣ የቴሌ ማማ ሥር፣ ወይም እዚያው ከተማ ባለ አነስተኛ ዳታ ሴንተር። ሽንኩርት ሲያልቅባችሁ መርካቶ አትወርዱም፣ ሰፈር ካለው ሱቅ ታስገዛላችሁ፤ ሱቁ ግን ሁሉም ነገር የለውም፣ ያለውም ትንሽ ትንሽ ነው። ጥቅሙም ጣጣውም እዚያው ላይ ነው።

ሐሳቡ ዛሬ የተወለደ አይደለም። አካማይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1998 (ዓመቶቹም ቀኖቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኤምአይቲ ከተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ሥራው የድረ ገጾችን ቅጂ ተጠቃሚው አጠገብ ባሉ ሰርቨሮች ላይ ማስቀመጥ ነበር። ያኔ የሚቀርበው ዳታው እንጂ ስሌቱ አልነበረም። በ2009 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማሃዴቭ ሳትያናራያናን ከባልደረቦቹ ጋር «ክላውድሌት» የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ፤ ካፌ ወይም ቢሮ ውስጥ የምትቀመጥ፣ በዋይፋይ የምትገኝ፣ የስልክን ከባድ ሥራ የምትሸከም ትንሽ ክላውድ። በ2012 ሲስኮ የተባለው የኔትወርክ መሣሪያ አምራች ሰዎች «ፎግ» (ጭጋግ) አሉት። በ2014 የአውሮፓው የቴሌኮም ደረጃ አውጪ ተቋም ኢትሲ ለሞባይል ኔትወርክ የሚሆን ደረጃ ማዘጋጀት ጀመረ። ስሙ ቢበዛም ነገሩ አንድ ስለሆነ አትደናገሩ።

ታዲያ ይህን ያህል ዓመት ከተሠራበት ምኑ ነው የቀረው? ብዙ። አንዳንዱ ጥያቄ እንዲያውም በሠሩበት ቁጥር እየጠበቀ የሚሄድ ነው።

ስለ ፍጥነቱ ትንሽ ተጋንኗል

ስለ ኤጅ ስታነቡ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ፍጥነት ነው። እውነት አለው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ደርሶ መልሱ 10 ሚሊሰከንድ (ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው) ይበላል፤ ፊዚክስ ስለሆነ ይህን የሚያሳጥር ኢንጂነር የለም። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ገመድ ደግሞ እንደ አውሮፕላን ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ጅቡቲ ወርዶ፣ በቀይ ባሕር ሥር አልፎ፣ ግብፅን አቋርጦ፣ ሜዲትራኒያን ገብቶ ነው የሚደርሰው፣ መንገድ ላይ ያለው መሣሪያ ሁሉ ደግሞ የየድርሻውን ይወስዳል። ትላልቆቹ የክላውድ ኩባንያዎች ከሰሃራ በታች ወዳለው አፍሪካ ሲመጡም ያረፉት ደቡብ አፍሪካ ነው፦ ማይክሮሶፍት በ2019፣ አማዞን በ2020፣ ጉግል በ2024። ጆሃንስበርግ ከአዲስ አበባ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለኛ ከአውሮፓ ያን ያህል የቀረበ አይደለም።

ግን እስቲ ቆም ብለን እናስብ። 50 ወይም 100 ሚሊሰከንድ የሚያንገበግበው ማንን ነው? ፎቶ የሚጭን ሰው አይሰማውም። ፊት ላይ የሚጠለቅ ምናባዊ መነጽር ያደረገ ሰው ግን ይሰማዋል፤ ጭንቅላቱን ሲያዞር ምስሉ በ20 ሚሊሰከንድ ገደማ ካልተከተለው ያጥወለውለዋል። የፋብሪካ ሮቦትም ይሰማዋል። ከዚያ ውጪ ዝርዝሩ ቶሎ ያልቃል። በ2020 ሆትኔትስ በተባለ የኔትወርክ ጉባኤ ላይ የቀረበ አንድ ጥናት ከዓለም ዙሪያ እስከ ክላውድ ሰርቨሮች ያለውን መዘግየት ለክቶ፣ ለአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ክላውዱ አሁንም በበቂ ሁኔታ ቅርብ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሷል። ወደ ኋላ የቀረችው በዋናነት አፍሪካ ናት። ስለዚህ ለሰሜን አሜሪካና ለአውሮፓ ከተሞች «ኤጅ ለፍጥነት» ብሎ መሸጥ እየከበደ ነው፤ ለኛ ደግሞ ከፍጥነት በፊት የሚቀድሙ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የመስመሩ ስፋት ነው። ጥራት ያለው አንድ የመንገድ ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢልክ ብላችሁ አስሉት (8 ቢት አንድ ባይት ነው)። በቀን 43 ጊጋባይት ይሆናል። 100 ካሜራ ካላችሁ 400 ሜጋቢት የሆነ መስመር ሌት ተቀን ሙሉ ለሙሉ ተይዟል ማለት ነው፤ ከተላከው ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ማንም የማያየው ባዶ አስፋልት ነው። ካሜራው እዚያው አስቦ «በዚህ ሰዓት ይህ ታርጋ አለፈ» የሚለውን ብቻ ቢልክ ግን የሚሄደው ጥቂት መቶ ባይት ነው። ለኔ ኤጅ ራሱን ችሎ የሚቆምበት ምክንያት ይሄ ነው።

ሁለተኛው የመስመሩ መቋረጥ ነው። በ2024 መጀመሪያ ቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ትላልቅ የባሕር ሥር ገመዶች ተቆረጡ፤ በየመን ሁቲዎች የተመታች መርከብ መልህቋን እየጎተተች ስትንሳፈፍ ነው የቆረጠችው ተባለ። በዚያው ዓመት መጋቢት በምዕራብ አፍሪካ፣ ግንቦት ላይ በምሥራቅ አፍሪካ ሌሎች ገመዶች ተቆረጡ። በመስከረም 2025 ጂዳ አካባቢ እንደገና። ይህ ሁሉ ከአገር ውጪ ያለው ነው። በቁፋሮ የሚበጠሰውን፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋውን የአገር ውስጥ መስመር ስትጨምሩበት ጥያቄው «ስንት ሚሊሰከንድ?» መሆኑ ይቀርና «መስመሩ በሌለበት ሰዓት ምን መሥራት እንችላለን?» ይሆናል።

ፋይዳን እንደ ምሳሌ

የፋይዳ መታወቂያ የተሠራው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ሞሲፕ በ2018 ሕንድ ባንጋሎር ውስጥ የተጀመረ፣ ለታዳጊ አገሮች የመታወቂያ ሥርዓት ተብሎ የተሰናዳ ሥራ ነው። የምዝገባ ሶፍትዌሩ ያለ ኢንተርኔትም እንዲሠራ ታስቦ ነው የተነደፈው፤ ኤጅ ማለት በተግባር ምን እንደሆነ ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

አንድ መዝጋቢ ላፕቶፕ፣ የጣት አሻራ ማንበቢያ፣ የዓይን ማንበቢያና ካሜራ ይዞ ገጠር ቀበሌ ይሄዳል እንበል። ኔትወርክ የለም። አሥሩን ጣት፣ ሁለቱን ዓይንና ፊትን ይወስዳል። አሻራው ደብዝዞ ከሆነ ላፕቶፑ እዚያው «ድገሙ» ይላል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰውየው ከሁለት ሳምንት በኋላ «አሻራህ አልተነበበም፣ ተመለስ» ከመባል ይድናል። ከዚያ መረጃው በቁልፍ ተመስጥሮ አንድ ጥቅል ሆኖ ላፕቶፑ ላይ ይቀመጣል። ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ማዕከል ይላካል።

የማይቻለው ደግሞ አለ። «ይህ ሰው ከዚህ በፊት በሌላ ስም ተመዝግቧል ወይ?» የሚለውን ላፕቶፑ ሊመልስ አይችልም። ያን ለማወቅ አሻራውን ከተመዘገበው ሕዝብ ሁሉ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል፤ የሕዝቡን ሁሉ አሻራ ደግሞ ሊሰረቅ በሚችል ላፕቶፕ ላይ አይጫንም። ስለዚህ ጥራት መፈተሹና መመስጠሩ እዚህ፣ ማመሳከሩ እዚያ።

እዚህ ላይ ክፍፍሉን የወሰኑት ንድፍ አውጪዎቹ ናቸው፤ አንዴ ወሰኑ፣ አለቀ። የምርምሩ ህልም ግን ሲስተሙ ራሱ፣ በየሰከንዱ፣ እንደ ሁኔታው ክፍፍሉን እንዲቀያይር ነው። እዚያ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው።

ልላክ ወይስ እዚሁ ልሥራ?

ስልካችሁ አንድ ምስል ሊተነትን ነው። እዚያው ቢሠራው ባትሪ ይበላል። ቢልከው ኔትወርክ ይበላል፣ መላኩም ራሱ ባትሪ ይፈልጋል። ሰርቨሩ ጋ ወረፋ ካለ ደግሞ መላኩ ትርፉ ድካም ነው። በ2017 የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሦስተኛ አማራጭ አሳዩ፦ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሉን መሀል ላይ ቆርጦ የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች ስልኩ ላይ፣ የቀሩትን ሰርቨሩ ላይ ማስኬድ። የሚቆረጥበት ቦታ እንደ ስልኩ አቅምና እንደ ኔትወርኩ ሁኔታ ይለያያል።

ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ኔትወርኩ በየሴኮንዱ ይቀያየራል። የት መቁረጥ እንዳለበት የሚያሰላው ፕሮግራም ራሱ ጊዜና ባትሪ ይወስዳል፤ መልሱ ሲመጣ ኔትወርኩ ተቀይሮ ይጠብቃል። ሌላም አለ፤ ስልኮቹ ሁሉ ብልህ ሆነው «አሁን ባዶው ያኛው ሰርቨር ነው» ብለው በአንዴ ቢጎርፉ ባዶ የነበረው ይጨናነቃል፣ ከዚያ ሁሉም ተያይዘው ወደ ሌላው። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ይህን ከኔ በላይ ያውቀዋል።

መንቀሳቀስ ሲጨመርበት ደግሞ እስቲ ቁጥር ይዘን እንየው። በአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ አንድ መኪና በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በደቂቃ 2 ኪሎ ሜትር። መንገዱ ዳር በየኪሎ ሜትሩ አንድ ማማ ቢተከልና እያንዳንዱ ማማ ሥር ትንሽ ሰርቨር ቢኖር፣ መኪናው አንዱ ማማ ሥር የሚቆየው 30 ሰከንድ ነው። ለመኪናው የሚሠራው ፕሮግራም እስከነ ማስታወሻው 2 ጊጋባይት ቢሆን፣ በማማዎቹ መሀል ያለው መስመር ደግሞ 100 ሜጋቢት ቢሆን፣ ፕሮግራሙን ከአንዱ ሰርቨር ወደ ቀጣዩ ለማዛወር 160 ሰከንድ ይፈጃል። ማለትም ፕሮግራሙ ቀጣዩ ማማ ሲደርስ መኪናው አምስት ማማ አልፏል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የሚሞክሩት ወይ የሚዛወረውን ማሳነስ (የተቀየረውን ብቻ መላክ)፣ ወይ መኪናው ወዴት እንደሚሄድ ገምቶ ቀድሞ መላክ ነው። ፈጣን መንገድ ላይ መገመት አይከብድም፤ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ግን ሞክሩት።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ ላስገባ። ስለ ሥራ ክፍፍል የሚወጡት ጥናቶች ብዛት ለጉድ ነው፤ ብዙዎቹ ግን የሚፈተኑት ሲሙሌተር፣ ማለትም እውነተኛውን ሁኔታ በሚያስመስል ፕሮግራም ላይ ነው። ሲሙሌተር ውስጥ መብራት አይጠፋም፣ ሰርቨር አቧራ አይገባውም፣ ዋይፋይ ዝናብ ሲመጣ አይንቀራፈፍም። በዚህ ዓይነት የተገኘ «30 በመቶ ተሻሻለ» የሚል ውጤት ሜዳ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ማንም እርግጠኛ አይደለም። እውነተኛ መሣሪያ፣ እውነተኛ ተጠቃሚ፣ እውነተኛ የብልሽት መዝገብ ያለበት የመፈተኛ ቦታ ማጣት ራሱ ከዋናዎቹ የምርምር ችግሮች አንዱ ነው።

አንድ ሺህ ብር፣ ሁለት ቅርንጫፍ

ወደ ባንኩ ልመለስ፤ በጣም የምወደው ችግር እዚያ ስላለ።

ሁለት ቅርንጫፎች አሉ እንበል፣ አንዱ ፒያሳ አንዱ ቦሌ። አበበ ሒሳቡ ላይ 1,000 ብር አለው። በሁለቱ ቅርንጫፎች መሀል ያለው መስመር ተቋርጧል። አበበ ፒያሳ ላይ 1,000 ብር ቢጠይቅ ይሰጠው? ባለቤቱ በዚያው ሰዓት ቦሌ ላይ ከዚያው ሒሳብ 1,000 ብር እየጠየቀች ቢሆንስ? ሁለቱም ከሰጡ ባንኩ ከሰረ። ሁለቱም «ሲስተም የለም» ካሉ ደንበኛ ከሰረ።

በ2000 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኤሪክ ብሩወር ይህን እንደ ግምት አቀረበው፣ በ2002 ደግሞ የኤምአይቲዎቹ ጊልበርትና ሊንች በሒሳብ አረጋገጡት፦ መስመር ሲቋረጥ ወይ መልስ መስጠትህን ትቀጥላለህ፣ ወይ መልስህ ሁልጊዜ ትክክል እንዲሆን ታደርጋለህ፤ ሁለቱን በአንዴ አታገኝም። ክላውድ ውስጥ መስመር ስለማይቋረጥ (ማለትም እምብዛም) ይህ ብዙ አያስጨንቅም። ኤጅ ላይ ግን መቋረጥ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው።

መውጫ መንገዶች አሉ፣ ሁሉም ዋጋ አላቸው። አንዳንድ ዳታ ሲቋረጥ ለየብቻው ተይዞ ኋላ ያለ ጠብ ይዋሐዳል። ለምሳሌ «ዛሬ ስንት ሰው በዚህ በር ገባ?» የሚል ቆጠራ፤ እያንዳንዱ ቦታ የራሱን ይቆጥራል፣ መስመር ሲመጣ ይደመራል፣ አለቀ። በ2011 ፈረንሳይ ውስጥ ማርክ ሻፒሮና ባልደረቦቹ የዚህን ዓይነት ዳታ ሥርዓት ባለው መንገድ አደራጁት። ግን «ሒሳቡ ከዜሮ በታች አይውረድ» የሚል ደንብ ሲኖር መደመር ብቻ አያዋጣም። ያኔ ከሚሞከሩት አንዱ ድርሻ አስቀድሞ መስጠት ነው፦ ከአበበ 1,000 ብር ለፒያሳ 500፣ ለቦሌ 500። መስመር ቢቋረጥም ሁለቱም እስከ ድርሻቸው ያለ ስጋት ይከፍላሉ። አበበ ግን ፒያሳ ላይ 700 ቢጠይቅ፣ ገንዘቡ እያለው «የለህም» ይባላል። ስለዚህ ጥያቄው ተመልሶ መጣ፤ ድርሻው እንዴት ይከፈል? ትናንት የት አወጣ? ዛሬስ የት ያወጣ ይሆን? ይህ እስካሁን እየተጠና ያለ ነገር ነው፣ ጨርሶ የሚፈታም አይመስለኝም፤ ምክንያቱም መልሱ ከሒሳብ ይልቅ «ስህተት ቢፈጠር ኪሳራውን ማን ይችላል?» ወደሚለው ውል ያዘነብላል።

ትልቅ ሞዴል፣ ትንሽ መሣሪያ

አሁን ሁሉም ሰው የሚያወራው ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ስልክ ላይ ስለማስገባት ነው። 7 ቢሊዮን መለኪያ (ሞዴሉ የተማረውን የያዙ ቁጥሮች) ያለው የቋንቋ ሞዴል፣ እያንዳንዱ መለኪያ በ16 ቢት ቢቀመጥ 14 ጊጋባይት ይሆናል። ብዙዎቻችን የያዝነው ስልክ ይህን አይችለውም። ቁጥሮቹን አጠጋግታችሁ በ4 ቢት ብትይዙት 3.5 ጊጋባይት ይሆናል፤ ይገባል። ሲጠጋጋ ግን የሆነ ነገር ይጠፋል።

ምን ይጠፋል? እዚህ ላይ ለኛ የሚቆረቁር ነገር አለ። በ2024 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው ሞዴል ሲጠጋጋ የበለጠ የሚጎዱት በላቲን ፊደል የማይጻፉ ቋንቋዎች ናቸው። አማርኛ ደግሞ ሲጀመርም ዕዳ አለበት፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ 3 ባይት ይወስዳል፣ የእንግሊዝኛው 1 ባይት ነው፤ በአማርኛ እምብዛም ያልሠለጠነ ሞዴልም ቃሉን እየቆራረጠ ስለሚያነበው ለአንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ይደክማል። ደካማ መሣሪያ ላይ ይህ በቀጥታ ቀርፋፋነትና የባትሪ ፍጆታ ነው። «ስልክ ላይ ይሠራል» የሚባል ነገር ስትሰሙ በየትኛው ቋንቋ ብላችሁ ጠይቁ።

ከስልክ በታች ደግሞ አፈር ውስጥ የሚቀበሩ፣ ቧንቧ ላይ የሚታሰሩ መሣሪያዎች አሉ። የማስታወሻቸው መጠን 256 ኪሎባይት ሊሆን ይችላል፤ 8 ጊጋባይት ካለው ስልክ ከ30,000 ጊዜ በላይ ያነሰ። ኤምአይቲ ውስጥ በ2020 የተሠራ ሥራ እንዲህ ባለ ቺፕ ላይ ምስል የሚለይ ሞዴል ማስኬድ እንደሚቻል አሳይቷል። ማስኬድ ተችሏል፤ እዚያው እየተማረ እንዲሄድ ማድረጉ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ስለ መማር ካነሳን፣ ጉግል ከ2016 ጀምሮ ያስተዋወቀው አካሄድ አለ። ዳታችሁ ስልካችሁ ላይ ይቀራል፣ ስልኩ እዚያው ይማራል፣ ወደ ማዕከል የሚሄደው የተማረው ለውጥ ብቻ ነው። የጉግል ኪቦርድ ቀጣዩን ቃል ሲገምት ይህን ይጠቀማል። ለግላዊነት ጥሩ ይመስላል፣ ነውም። ግን በ2019 የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ከተላከው «ለውጥ» ብቻ ተነስተው ስልኩ የተማረበትን ፎቶ መልሰው መሳል ቻሉ። በዚያ ላይ የያንዳንዳችን ዳታ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ኦሮምኛ ይጽፋል፣ አንዱ አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፋል፣ አንዱ እምብዛም አይጽፍም። እነዚህን አማካኝ ብታወጡ ለማንም የማይሆን ሞዴል ሊወጣ ይችላል። ቻርጅ ላይ ያልተሰካው፣ ዋይፋይ የሌለው ስልክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሥልጠናው ስለሚቀር ሞዴሉ የሚማረው ከባለ ጥሩ ስልኮቹ ነው። ይህ የቴክኒክ ጉድለት ይመስላል እንጂ የፍትሕ ጉዳይም ነው።

ጠባቂ የሌለው ኮምፒዩተር

ዳታ ሴንተር ውስጥ ዘበኛ አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ ቴክኒሻን አለ። ኤጅ ላይ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ሳጥን ነች ያለችው። ሊሰርቋት ይችላሉ። ሊከፍቷት ይችላሉ። አይጥ ገመዷን ሊበላው ይችላል።

በ2016 ሚራይ የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ምን እንደሠራ አስታውሱ። ፋብሪካ የሰጣቸውን ፓስወርድ ያልቀየሩ የደኅንነት ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን፣ 60 ገደማ የተለመዱ የስምና የፓስወርድ ጥምረቶችን ብቻ እየሞከረ በመቶ ሺዎች ያዘ። በዚያው ዓመት ጥቅምት 21 በነዚያ ካሜራዎች የድረ ገጾችን አድራሻ የሚያገናኝ ዳይን የተባለ ኩባንያ ላይ በተከፈተ ጥቃት ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ድረ ገጾች ለሰዓታት ሳይከፈቱ ቀሩ። ካሜራዎቹ አንዳቸውም ለብቻቸው አቅም የላቸውም፤ ብዛታቸው ነው ጉልበቱ። ኤጅ ማለት ደግሞ ብዛት ነው።

«አፕዴት ይደረጉ» ማለት ቀላል ነው። ሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ አፕዴት ማይክሮሶፍት በገመተው መሠረት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን ጣለ። አውሮፕላን ማረፊያዎች ቆሙ። የፋይሉ እርማት ብዙም ሳይቆይ ተገኘ፤ ግን ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች መነሳት ስላቃታቸው ሰው በአካል ሄዶ አንድ በአንድ ማስተካከል ነበረበት። ይህ የሆነው ቴክኒሻን በአቅራቢያ ባለበት ቢሮና አየር ማረፊያ ነው። አሁን ኮምፒዩተሩ ተራራ ላይ ባለ ማማ ሥር ቢሆንስ? ስለዚህ መሣሪያው ሁለት ቅጂ ይዞ አዲሱ ካልተነሳ በራሱ ወደ አሮጌው እንዲመለስ ማድረግ፣ አፕዴቱን መጀመሪያ ለጥቂቶች ሰጥቶ ማየት፣ መሣሪያው ሩቅ ሆኖ «አልተነካካሁም» ብሎ በማስረጃ እንዲያረጋግጥ ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ በከፊል የተፈቱ ናቸው። በከፊል ነው ያልኩት፤ ለማረጋገጫ የታመነው የኢንቴል ልዩ ቺፕ ክፍል ራሱ በ2018 ቀዳዳ ተገኝቶበታል።

ደስ የሚል ምሳሌም አለ። ቺክፊሌ የተባለው የአሜሪካ የዶሮ ሳንድዊች ሰንሰለት በ2018 ባወጣው ጽሑፍ በየምግብ ቤቱ ሦስት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች እንዳስቀመጠ፣ 2,000 ገደማ ምግብ ቤቶችን ብዙ ኮምፒዩተሮችን አንድ ላይ በሚመራው ኩበርኔቲስ በተባለ ሶፍትዌር እንደሚያስተዳድር ገለጸ። አንዱ ሲበላሽ ሁለቱ ሥራውን ይይዛሉ፤ ዶሮ የሚጠብሰው ልጅ ስለ ኮምፒዩተር ምንም ማወቅ የለበትም። ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው፤ ማንም ባለሙያ በሌለበት የሚሠራ ሲስተም።

ስለ ሕግ አንድ ነገር ብቻ። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. (ይሄ በኛው አቆጣጠር ነው) የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። የዚህ ዓይነት ሕጎች በየአገሩ ሰው «መረጃዬን አጥፉልኝ» የማለት መብት ይሰጣሉ። ዳታው በ300 ሳጥኖች ላይ ተበትኖ፣ 40ዎቹ መብራት ጠፍቶባቸው ከሆነ፣ «አጥፍተናል» ማለት ምን ማለት ነው? በምን ይረጋገጣል?

ሒሳቡን ማን ይከፍላል

ብዙም የማያጓጓው ግን ምናልባት ከሁሉም በላይ ኤጅን የያዘው ይሄ ነው። ቴሌኮሞቹ በየማማው ሰርቨር ከማስቀመጣቸው በፊት የሚጠቀምበት አፕ እንዲኖር ይፈልጋሉ፤ አፕ ሠሪዎቹ ደግሞ ሰርቨሩ ሳይኖር አይጽፉም። አማዞን በ2019 ከአሜሪካው የሞባይል ኩባንያ ቬራይዘን ጋር ሆኖ ሰርቨሮቹን የሞባይል ኔትወርኩ ውስጥ የሚያስገባ አገልግሎት ይፋ አደረገ፤ አለ፣ ይሠራል፣ ግን የሁሉም ሰው መደበኛ አሠራር አልሆነም። የኃይል ፍጆታውም አለ፤ ሥራ ሳይኖር የበራ ሰርቨር እንኳ መብራት ይበላል፣ ሺህ ቦታ የተበተኑ ሰርቨሮች ደግሞ አንድ ቦታ እንደተሰበሰቡት እየተጋሩ መሥራት አይችሉም።

ተማሪ ሆናችሁ የመመረቂያ ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ በኔ ግምት ብዙ ያልተነካው ቦታ እዚህ አለ፦ መብራትም መስመርም እየሄደ ሲመጣ የሚሠራ ኤጅ። አብዛኛው ጥናት የሚጻፈው መብራት በማይጠፋበት ቤተ ሙከራ ስለሆነ መቋረጥን እንደ ድንገተኛ አደጋ ነው የሚያየው። እንደ መደበኛ ሁኔታ የሚያየው ጥቂት ነው። ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለት ሦስት ራስፕቤሪ ፓይ (ትንሽ፣ ርካሽ ኮምፒዩተር) በተለያየ ሰፈር አስቀምጡ፣ ትንሽ ባትሪ አስይዟቸው፣ መብራት መቼ እንደጠፋ፣ መስመር መቼ እንደተቋረጠ፣ ለስንት ደቂቃ፣ ሁለቱ አብረው ይጠፉ እንደሆነ በየደቂቃው ይመዝግቡ። የስድስት ወር መዝገብ ካላችሁ ከላይ የጠቀስኳቸውን የሥራ ክፍፍል ስልቶች አንድ በአንድ በእውነተኛ መቋረጥ ላይ መፈተን ትችላላችሁ። መዝገቡን ለሌሎችም ክፍት አድርጉት።